ሁለት ገብተው አንዲት የወጣችበት ወንዝ

ኤደን ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አዲሎ ካለው ቤቷ ወጣች። በዚያው ቀረች።

ነጠላዋ ከተሰቀለበት አልወረደም። የስልኳ ቻርጀር ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። ባሏን ጥላ የምትኮበልል ሴት ቻርጀሯን ትታ አትሄድም። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም። እናቷ ትርፌ ከሺንሺቾ ደርሳ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞር ብላ እንዳየች ገባት።

ፖሊሶቹ ግን ፊደል የቆጠሩ ናቸው። መጀመሪያ ባሏን ፍሬውን ያዙት። ሚስቱ ፊልም መሥራቷን አልወደደውም፤ «ደግሞ ማልቀስ ሥራ ሆነ?» ብሎ ሲጮህባት ጎረቤት ሰምቷል። ሁለት ቀን አሰሩት። በሦስተኛው ቀን ከኤደን ስልክ የድምፅ መልእክት ገባለት። ፈቱት።

ኢንስፔክተር ማቲዎስ መልእክቱን ለትርፌ አሰማት።

«ፍሬው፣ እኔ ሄጃለሁ። አትፈልጉኝ...»

ትርፌ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። የልጇ ድምፅ ነው። ያው ከጉሮሮ የሚነሳው፣ ያው መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቀው። ጆሮዋ እዚያው ላይ ተደፈነ።

«እሷ ናት?» አለ ማቲዎስ።

«እሷ ናት።»

መዝገቡ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የትርፌ ኑሮ ኑሮ አልሆነም። ልጅ ሲሞት ለቅሶ አለ። ድንኳን ይተከላል፣ ሰው አብሮ ይቀመጣል፣ ይወጣልሻል። ልጅ ሲኮበልል ምን አለ? ሐሜት።

«ያቺ አክተር ልጅሽ ወሬዋ አለ?» ይሏታል ገበያ ላይ።

«ያንቺ ምላስ መቼ ነው የሚኮበልለው?» ትላለች እሷም።

ቤቷ ገብታ በሯን ስትዘጋ ግን አንጀቷ «ሞታለች» ይላታል። ጆሮዋ «ድምፅዋን ሰምተሻል» ይላታል። በሕይወት ያለን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ሞታ ከሆነስ እንባዋን ማን ይስጣት? በመካከል ተሰቅላ ቀረች።

በአራተኛው ወር ኤደን የሠራችበት ፊልም ሆሳዕና ከተማ አዳራሽ ሊታይ ነው ተባለ። ትርፌ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። የልጇን ፊት ለማየት ነው፤ ሌላ አላሰበችም።

ፊልሙ ቅዠት ነው። ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ ኤደን፣ ሌላዋ ሊሻን የምትባል የሆሳዕና የጉራጌ ባለሱቅ ልጅ። አንዷ ትተኛለች፣ ሌላዋ ትነቃለች። አንዷ ታረግዛለች፣ ሌላዋ ታምጣለች። አንዷ አፏን ስትከፍት የሌላዋ ድምፅ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ተያይዘው ወንዝ ይገባሉ። አንዲት ብቻ ትወጣለች። ሊሻን ናት፤ የምትናገረው ግን በኤደን ድምፅ ነው።

ሰው አጨበጨበ። ትርፌ ከጎኗ የተቀመጠውን ጎልማሳ «ሌላዋስ?» አለችው።

«አንድ ሆኑ ማለት ነው፣ እማማ።»

«አንድ ሲሆኑ ሌላዋ የት ትገባለች?»

ሳቀባት። ያልገባው ሰው እንዲህ ነው የሚስቀው።

ፊልሙን ያዘጋጀው ምስክር መድረክ ላይ ወጣ። «ድምፁን በማሽን አልነካነውም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሊሻን ሦስት ወር ሙሉ ከኤደን ሥር ቁጭ ብላ የተማረችው ነው። የወለደቻት እናቷ እንኳ አትለያቸውም።»

የወለደቻት እናቷ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማቲዎስ ቢሮ ገባች።

«ያንን መልእክት እንደገና አሰማኝ።»

«እማማ፣ መዝገቡ ተዘግቷል እኮ።»

«መዝገቡ ይዘጋ። የእኔ ጆሮ ተከፍቷል።»

ከፈተላት። በዚህኛው ጊዜ ድምፁን ትታ ቃሉን ሰማች። «ፍሬው፣ እኔ ሄጃለሁ። አትፈልጉኝ። እማዬን ይቅር በይኝ በልልኝ። አባትህን አቶ ኃይሉንም ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

«ዝጋው» አለች። «ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«አባትህ ማን ይባላሉ?»

«ላምቦሬ።»

«ሚስትህ ላምቦሬ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ?»

ማቲዎስ የተዘጋውን መዝገብ ወደ ራሱ ሳበ። ሚስቱ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ስማቸውን ጠርታ አታውቅም። በከምባታም በሀዲያም ያገባች ሴት የአማቷን ስም አታነሳም፤ ነውር ነው።

«ልጄም ስድስት ዓመት በዚያ ቤት ኖራለች። ተናድዳም ታማም ያንን ስም አልጠራችም። ይሄን የተናገረችው ፊልሙ ላይ በልጄ ድምፅ የምታወራዋ፣ ያላገባች የከተማ ልጅ ናት።»

«እንዴት አላስተዋልኩትም?»

«ወንድ ሴት ያላለችውን መቼ ይሰማል? ያለችውንም ከሰማ ነው።»

ሊሻንን ከሆሳዕና አመጧት። ማቲዎስ ትርፌን «እማማ፣ ውጭ ይጠብቁ» ቢላት እንቢ ብላ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«መልእክቱን የተናገርሽው አንቺ ነሽ?»

«ጽፎ ሰጥቶኝ ነው። በኤደን ስልክ ቀድቶ ላከው።»

«ማን?»

«ምስክር።»

«ኤደን የት ናት?»

ሊሻን ትርፌን አየቻት፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች።

«ያን ማክሰኞ ወንዙ ዳር ለቀረጻ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ለአራተኛ ጊዜ ግቡ አለን። ዋና አልችልም ብላዋለች። ገባን። እጄን ለቀቀችው። እጇን ከውሃው በላይ አነሳች። ልይዛት ስል ‹አትንኪያት፣ የምፈልገው ይሄን ነው› አለ። ካሜራውን አላወረደም።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺም አብረሽ ትታሰሪያለሽ አለኝ። ፈራሁ።»

ትርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ምስክር መጀመሪያ ካደ። «ሁለቱ ተጣልተው ነበር፤ እሷን ጠይቋት» አለ። ማቲዎስ የወንዙን ቀረጻ ሳይቆረጥ ሙሉውን አስከፈተው። የራሱ ድምፅ እዚያው ነበረ። «አትንኪያት» ይላል።

«ለምን?» አለው ማቲዎስ።

«የቀረኝ ያ ትዕይንት ብቻ ነበር። ውጭ አገር ለውድድር ተቀብለውታል። ሞተች ብል ፊልሙም ይሞታል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው።»

«እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ለፍቼባት ነበር» አለች ትርፌ።

በዚያው ቀን ወንዙ ዳር ወስዶ የቀበረበትን አሳያቸው። ሸንበቆው ሥር ቆፍረው አወጧት።

ሺንሺቾ ላይ ድንኳን ተተከለ። ትርፌ ከአራት ወር በኋላ እንባዋን አገኘች። ሰው ሁሉ መጣ። ያሙትም መጥተው ደረታቸውን መቱ። ምንም አላለቻቸውም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለ።

በሦስተኛው ቀን ሊሻን በዋስ ወጥታ መጣች። ድንኳኑ አፍ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ከአፏ የወጣው የኤደን ድምፅ ነበር። ሆን ብላ አይደለም፤ ሌላ ድምፅ የቀራት አይመስልም። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

ትርፌ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ትንፋሽ ያህል ሰማችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ሊሻን ሄደች።

«በቃ» አለቻት። «ይሄኛውን ድምፅ ከባለቤቱ ጋር ቀብረነዋል። በራስሽ አልቅሺ።»

ሊሻን አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ትርፌ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጠበቀቻት።