ለረቢያ መኪና ስንት ዋት?

ረቢያ ከወሩ የሚበዛውን ቀን የምታድርበት ቤት ጎማ ነበረው። ከሮቤ ተነሥቶ የባሌን ገጠር የሚዞር፣ በእርዳታ የመጣ ረጅም የክሊኒክ መኪና ነው። ከፊት ሽማግሌው ሹፌር ኦቦ ጉርሜሳ ይነዳሉ፤ ከኋላ አንድ ጠባብ አልጋ፣ የመድኃኒት መደርደሪያና የክትባት ማቀዝቀዣ አለ። ረቢያ ነርስ ሆና በዚህ መኪና ስትንከራተት ዓመታት አልፈዋል። ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል።

በ1979 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከሶፍ ዑመር ስትመለስ ግን ከድካምም የባሰ ነገር ይዟት ነበር። በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣ መንገዱ ሲንጠው ጠፍቶ ክትባቱ ሁሉ ተበላሽቷል። ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ የመጡ እናቶችን «የለም፣ ተመለሱ» ብላ ሸኝታለች።

ሮቤ በገቡ ማግስት አንድ ቀጭን ሰው መሰላል አቁሞ የመኪናውን ጣሪያ በሜትር ይለካ ጀመር። ዲኖ ይባላል፤ ከጎባ የተላከ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ላምባው ቀርቶ ማቀዝቀዣው በፀሐይ እንዲሠራ፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎች ጣሪያው ላይ ሊገጥም ነው።

«ሲስተር፣ ይቅርታ» አላት ከመሰላሉ ወርዶ፤ «ስንት ዋት እንደሚበቃ ለማስላት፣ እዚህ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ አለብኝ።»

«ምን አኗኗር አለው? ይሠራል፣ ይታደራል።»

«መብራት ምን ያህል ያበራሉ?»

«የታመመ ልጅ ካመጡልኝ አበራለሁ። ካላመጡልኝ እራቴንም በጨለማ ነው የምበላው። ላምባው ለማቀዝቀዣው ይቆጠባል።»

ዲኖ ቀና ብሎ አያት። ረቢያ ዓይኗን ወደ ጭቃማ ጫማዋ መለሰች።

«ለእራት አንድ ሰዓት እንያዝ» አለ ዝግ ብሎ። «ሬዲዮስ?»

«የለኝም።»

«ቢኖርዎት ይከፍቱ ነበር?»

«የሌለኝን መጠየቅ ምን ያደርጋል?»

«አንዴ ከተሰላ በኋላ መጨመር ስለማይቻል ነው።»

ሰው ሁሉ «ስንት ልጅ ከተብሽ?» ሲላት ኖሯል። እራትሽን እንዴት ትበያለሽ ያላት ግን አልነበረም። 

ዲኖ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዛ፤ ደመረ፤ ድምሩን ደግሞ ፀሐይ በደንብ ለምትወጣበት ሰዓት አካፈለ። ፊቱ ጠቆረ።

«ለጊኒር ቆላ አርባ አርባ ዋት የሚሰጡ አራት ሰሌዳዎች ይበቃሉ። ለጎባ ጭጋግ ግን ስድስት ያስፈልጋል። ጣሪያው ደግሞ ከአራት በላይ አይችልም።»

«እንግዲያው የእኔን መብራት ይሰርዙት። ለምጄዋለሁ።»

«አይሆንም!» አለ። ድምፁ ከፍ በማለቱ ራሱም አፈረ።

አልሰረዘውም። አራቱን ሰሌዳ ገጠመና «ባትሪውን ልይ» እያለ አብሯቸው መጓዝ ጀመረ። ባትሪው ደህና ሲሆንም ይመጣል። ኦቦ ጉርሜሳ በመስታወቱ እያዩ «ኧረ ወላሂ፣ የታመመው ባትሪው ነው ወይስ ልጁ?» ይላሉ። ረቢያ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። «እርስዎ» ይባባሉ የነበሩት ሁለቱ፣ መቼ እንደሆነ ሳያውቁት «አንቺ»፣ «አንተ» መባባል ጀመሩ።

አንድ ቀን ሳነቴ ተራራ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ጭጋጉ እንደ ጋቢ ተጠቅልሎባቸው ሁለት ቀን አልለቀቃቸውም። ዲኖ ከማቀዝቀዣው በቀር ሁሉንም አጠፋ። ኦቦ ጉርሜሳ የሚጎትታቸው ሰው ፍለጋ ሄዱ። ሁለቱ በግራጫው ብርሃን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ባትሪው እንዲበቃ ለመኑ።

«ረቢያ» አለ ዲኖ በመጨረሻ። «ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምያለሁ።»



«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሳንነሣ በፊት። መንገድ ላይ ልነግርሽ ነበር። ስትስቂ አየሁሽና ተውኩት።»

«እራቴን ለምን ጠየቅኸኝ ታዲያ? ለምን?» አለችው፤ እንባዋ ቀደማት። «በጨለማዬ ለምጄ ተቀምጬ ነበር እኮ!»

ዲኖ እጇን ያዘ። እጁም እጇም በረዶ ነበር። ኦቦ ጉርሜሳ ባመጧቸው ሰዎች ተጎትተው ክትባቱ ሳይበላሽ ጎባ ደረሱ፤ ደስ ይበለን ያለ ግን አልነበረም።

ዲኖ ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ወደ ጊኒር ላከ። የረቢያ አባት ኦቦ ማሜ ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ቸኩለው አይናገሩም።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «ግን ጦር ሜዳ ለሚሄድ ሰው ልጄን ድሬ፣ በኒካሁ ማግስት የባሏን ሐዘን ላስቀምጣት? ከተመለሰ ይምጣ።»

ዲኖ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ረቢያ መዞሯን ቀጠለች። ከሼክ ሁሴን እስከ ጎባ ልጅ ከተበች፤ ልጆቻቸውን የምትከትብላቸው እናቶች ባሎችም ያሉት ጦር ሜዳ ነበር። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

በሦስተኛው ዓመት ኦቦ ማሜ ሀብታም ነጋዴ አጩላት።

«አባ» አለቻቸው ረቢያ፤ ለመቆጣትም አቅም አልነበራትም። «‹ከተመለሰ ይምጣ› ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ የምጠብቀው የእርስዎን ቃል ነው።»

 ኦቦ ማሜ ተነሥተው የታጨውን ነጋዴ ራሳቸው «አይሆንም» ብለው ሸኙት።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ጦሩ ተበተነ። በክረምቱ ረቢያ ጊኒር ላይ ስትከትብ፣ አባቷ በእናቶቹ ሰልፍ መካከል መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ገበያ ጥለው ሲመጡ አይታ አታውቅም።

«እንግዳ አለ» አሉ። «እኔ ጋ ነው ቀድሞ የመጣው። ‹ተመልሻለሁ፣ ልምጣ?› አለኝ። ምን እላለሁ? ግባ አልኩት።»

መርፌውን አስቀመጠች። ቤት ስትደርስ ዲኖ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል፤ አባቷ መንገድ ላይ እንደነገሯት ግራ ጆሮው አይሰማም። ሊነሣ ሲሞክር በእጇ ከለከለችውና በሚሰማው ጆሮው በኩል ተቀመጠች።

«ደከመህ?»

«በጣም። አንቺስ?»

«እኔም።»

 ትከሻቸው ተነካካ።

ኒካሁ ለጁምዓ ተቆረጠ። ዘመድ ተሰበሰበ፤ በሬ ታረደ፤ ወጣቶቹ ግቢው ውስጥ እያጨበጨቡ ዘፈኑ። ከቀትር በኋላ አንዲት አክስት ሙሽሮቹን ልታስነሣ ስትመጣ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘቻቸው። ሳቋን ልትለቀው ስትል ኦቦ ማሜ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኟት። ከዚያ ወደ ዘፋኞቹ ሄዱ።

«ልጆቼ» አሉ ለስለስ ብለው፤ «ዝፈኑ፣ ግን ቀስ ብላችሁ።»