በር ላይ የወጣው ወንበር

በእንግሊዝ አገር፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር፣ ትንሽ መንደር አለች። ያላት ሃያ ቤትና አንድ የዳክዬ ኩሬ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቤት ሔቲ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ወደዚህች መንደር የመጡት በቅርቡ ነው።

ዝናቡ ጠብ ጠብ ይላል። ሔቲ በሩን ታዳምጣለች።
«ኳ! ኳ!» የሚል ሰው የለም።

«አባዬ፣ ለምን ማንም አይመጣም?»
«ገና አያውቁንማ፣ የኔ ልጅ።»

ቤታቸው ውስጥ ሦስት ወንበሮች አሉ። አንዱ የአባቷ ነው። ትንሹ ቀይ ወንበር የሔቲ ነው። ሦስተኛው ላይ ማንም አይቀመጥም።

ሔቲ ሦስተኛውን ወንበር ጎተተች። ጓ! ጓ! ጓ! ከአጥሩ በር አጠገብ አስቀመጠችው። መኪና ያልፋልና ከመንገዱ ራቅ አደረገችው።

«የደከመው ሰው ይቀመጥበታል። እኔም አጫውተዋለሁ» አለች።

ምሳዋን በልታ ስትመለስ ወንበሩ የለም! ሰውም የለም።

በማግስቱ ቀዩን ወንበሯን አወጣች። ጓ! ጓ! ጓ!
ኮቷን ለብሳ ስትመለስ ቀዩም የለም!

ሔቲ ከአጥሩ በር አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ሰው ፈልጌ ነበር። አሁን ወንበርም የለኝም።»

ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ! ሽማግሌው ጎረቤት፣ ሚስተር ቶልበት፣ የእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ።

«አንቺስ? አንቺንም እንውሰድሽ?» አሏት።
«እኔ አልወሰድም! ወንበሮቼን ግን ወሰዱብኝ።»

ሚስተር ቶልበት አፋቸውን ያዙ። «ውይ! እኛ የተረፈንን ዱባ፣ የተረፈንን ፖም በር ላይ እናወጣለን። በር ላይ ያለውን የፈለገ ይወስዳል። ቀዩን ለልጅ ልጄ የወሰድኩት እኔ ነኝ!»

«እኔ እኮ ያወጣሁት ሰው እንዲቀመጥበት ነው» አለች ሔቲ።

ሽማግሌው ጋሪውን አዙረው ሄዱ። ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ!

ሔቲ ጠበቀች። ጠበቀች። አባቷ መብራት አበራ።

«ኳ! ኳ!»

ሚስተር ቶልበት ነበሩ! ጋሪው ላይ ቀዩ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ተቀምጣለች።
«ኦሊቭ እባላለሁ። ወንበርሽ ይመቻል!»

«ኳ! ኳ!»

ዳቦ ጋጋሪዋ ሚስስ ፔንፎልድ ሦስተኛውን ወንበር ተሸክመው መጡ። «ይቅርታ፣ ልጄ። ሚስተር ቶልበት ነገሩኝ። የዘገየሁት ድመቴ ተኝታበት አልነሣም ብላኝ ነው።»

ሁሉም ገቡ። አባቷ ሁለቱን ትልልቅ ወንበሮች ለእንግዶቹ ሰጥቶ ቆመ። ኦሊቭ ቀዩ ላይ ናት።

«አባዬ፣ ወንበር አነሰን እኮ!» አለች ሔቲ እየሳቀች።

«ነይ» አለቻት ኦሊቭ፤ ጠጋም አለችላት።

ውጭ ዝናቡ ጠብ ጠብ ይላል። ሔቲ በግማሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት።