ፍቅር የደበቀችው ሳል

ፍቅር ገበየሁ ትባላለች። ይህ ታሪክ ሲሆን ስምንት ዓመቷ ነበር። ቤታቸው እዚሁ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ነው። አባቷ ገበየሁ ሒሳብ ያስተምራል፤ እናቷ ወይንሸት ደግሞ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ናኦድ የሚባል የአራት ዓመት ወንድም አላት። ፊት ለፊታቸው አዴ ረሺዳ የሚባሉ ቅመም ነጋዴ ይኖራሉ። ፍቅርንና ናኦድን እንደ ልጅ ልጆቻቸው ነው የሚያዩአቸው።

አምና በኅዳር፣ ቡና በየደጁ ተሰጥቶ በሚደርቅበት ወቅት፣ ወይንሸት ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ግን ቀኑን አልጠበቀም፤ በሰባት ወሩ ተወለደ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር።

ፍቅር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው አባቷ ደረት ላይ ተኝቶ ነው። የሆስፒታሉ ነርስ ሕፃኑ ሙቀት እንዲያገኝ ገላው ከወላጆቹ ገላ ጋር ተጣብቆ መዋል አለበት ብላ አስተምራቸው ነበርና፣ ገበየሁ ሸሚዙን አውልቆ፣ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። የተማሪዎቹን ፈተና የሚያርመውም እንደዚያው ሆኖ ነው። ፍቅር ቀስ ብላ ቀረበችና የጋቢው ጫፍ ሲገለጥላት አየችው። ትንንሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተች።

«ጥፍር አለው» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

ልጆች፣ እስቲ የትንሿን ጣታችሁን ጥፍር እዩ። የዚያ ሕፃን ጥፍር ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም ነበር። ግን ምንም አልጎደላትም። እግዚአብሔር ለትንሹም ለትልቁም እኩል ነው የሚጠነቀቀው።

በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ፤ ስሙም ዘላለም ተባለ። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር። ያሳለው ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው ዘላለም አጠገብ አይደርስም። ሳንባው ገና አልጠነከረማ። ፍቅር ሕጉን ታውቃለች። ደግሞም በየቀኑ እናቷን ትለምናለች፤ እሷም እንደ አባቷ ደረቷ ላይ ልታቅፈው ትፈልግ ነበር። ወይንሸትም ሁለት ኪሎ ተኩል ሲሞላ እንደምትሰጣት ቃል ገባችላት።

ከጥምቀት በዓል በኋላ ዘላለም ሲመዘን ሁለት ኪሎ ተኩል ሞላ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትታቀፊዋለሽ ተባለች። ቅዳሜ ከደስታዋ የተነሣ እራቷን እንኳ በቅጡ አልበላችም።

እሑድ ጠዋት ስትነሣ ግን ጉሮሮዋ ከረከራት። ቅዳሴ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ አሳለች። «ብናገር አይሰጡኝም» ብላ አሰበች። «አንዴ ብቻ ነው።» ይህችን «አንዴ ብቻ» የምትባል ቃል እናንተም ሳታውቋት አትቀሩም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ስትታጠብ እናቷ ፊቷን አየቻት።

«አሞሻል እንዴ? ዓይንሽ ቀልቷል።»

«አይ፣ ፀሐዩ ነው» አለች ፍቅር።

ወይንሸት አመነቻት። ዘላለምን ደረቷ ላይ አስተኛችላትና በነጠላ አሰረቻቸው። ፍቅር ትንፋሿን ያዘች። ልቡ በደረቷ ላይ ሲመታ ተሰማት፤ ፈጣንና ትንሽ ነበር፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ እንደ ተያዘች ወፍ። ራሱ ወተት ወተት ይላል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ ገረማት። ከዚያ ጉሮሮዋ በላት። ፊቷን አዙራ አሳለች፤ እናቷ ወጥ ልታማስል ወጥታ ስለነበር አልሰማችም።

በሦስተኛው ቀን ዘላለም ጡት አልይዝ አለ። ትንፋሹ ፈጠነ፤ ሲተነፍስ የጎኑ አጥንት ወደ ውስጥ ይገባል። ወላጆቹ ይዘውት ወደ ሆስፒታል ሊሮጡ ሲነሡ ገበየሁ ቤት ውስጥ ያሳለው ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ወይንሸት ደንግጣ ነበርና ትናንት ናኦድ አስነጥሷል አለች። ፍቅር ናኦድን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ሁለቱ ልጆች አዴ ረሺዳ ቤት ቀሩ። ሆስፒታል ውስጥ ዘላለም አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት ተኛ።

በማግስቱ አዴ ረሺዳ ምሳ ሲያቀርቡ ናኦድ አልበላም አለ። ሁለት እጆቹን አፉ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ጠዋትም እንደዚያው ነበር። አዴ ረሺዳ ጥርሱን ያመመው መስሏቸው እጁን ሊያነሡለት ሲሞክሩ አጥብቆ ያዘ። ደጋግመው ሲጠይቁት በጣቶቹ መካከል መለሰላቸው።

«ትንፋሼ መጥፎ ነው። ሕፃኑን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።»

ፍቅር ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። ያ ትንሽ ልጅ የእሷን ጥፋት ተሸክሞ፣ ሰው እንዳይታመምበት ትንፋሹን ሲያፍን አየች። ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች፤ አባቷ ልብስ ሊወስድ ከሆስፒታል ሲመጣ በር ላይ አገኘችው።

«አባዬ፣ ናኦድ አይደለም» አለችው። «እሑድ ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር። እማዬ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት።»

ገበየሁ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ከጎኑ አስቀመጣት።

«ለእናትሽ ራስሽ ትነግሪያታለሽ» አላት። «መጀመሪያ ግን ለናኦድ ንገሪው።»

ፍቅር ከአባቷ ጋር ገብታ ወንድሟ ፊት ተንበረከከች። ያሳለችው እሷ እንደሆነች፣ እሱ ምንም እንዳላጠፋ ነገረችው። ናኦድ አባቱን አየ። ገበየሁ ራሱን ነቅንቆ አዎ አለው። ያን ጊዜ ትንንሾቹ እጆች ከአፉ ላይ ወረዱ፤ ትከሻው እስኪነሣ ድረስ አየር ሳበ፤ ከዚያም ምሳዬን ስጡኝ አለ። አዴ ረሺዳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ሱብሓነላህ» አሉ በቀስታ።

ሆስፒታል ደጅ ላይ ፍቅር ለእናቷ ሁሉንም ተናገረች። ወይንሸት አለቀሰች። ሐኪሙ ጉንፋን ከየትም ሊመጣ ይችላል ብሎ እንደነገራት ገለጸችላት።

«ሳልማ ማንንም ይይዛል» አለቻት። «እኔን ያሳመመኝ ዓይኔን እያየሽ መዋሸትሽ ነው።» ይህን ብላ ግን ወደ ደረቷ ሳበቻት፤ ፍቅርም ይቅርታ እየጠየቀች እስኪበቃት አለቀሰች። ማታ አዴ ረሺዳ ቤት በተነጠፈላት መኝታ አጠገብ ቆማ እግዚአብሔርንም ይቅር በለኝ አለችው።

በዘጠነኛው ቀን ኦክስጅኑ ተነሣ። ዘላለም ዓይኑን ገልጦ ጡቱን ያዘ።

በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የአዴ ረሺዳ ወንድም አቶ ሀቢቡላህ አጋሮ አካባቢ የቡና እርሻ አላቸውና ሁሉንም ጠሯቸው። ሲደርሱ ፍቅር ቆማ ቀረች። ባለፈው ሳምንት ደረቅ የነበረው ቅርንጫፍ ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ነጭ ሆኗል። ሽታው አየሩን ሞልቶታል። ናኦድ በረዶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ሀቢቡላህ አበባው ለወራት እንቡጥ ሆኖ እንደሚጠብቅና አንድ ዝናብ ሲያገኝ አብሮ እንደሚፈነዳ፣ በጥቂት ቀንም እንደሚረግፍ ነገሯቸው። እሳቸው ስልሳ ዓመት አይተውት ዛሬም ቆመው እንደሚያዩት ተናገሩ። ማንም ጮክ ብሎ አላወራም።

በዚያ ጸጥታ መካከል ዘላለም በአባቱ ደረት ላይ ሆኖ አስነጠሰ። ሁሉም ደንግጠው ዞሩ።

«አሁን እኔ አይደለሁም» አለ ናኦድ።

ሁሉም ሳቁ። ፍቅር ግን እየሳቀች የናኦድን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ክረምቱ ገባ፤ ጭቃው፣ ዝናቡ፣ የማይደርቀው የሕፃን ልብስ። ዘላለም ጥርስ አወጣ። ናኦድ በመስከረም መዋዕለ ሕፃናት ገባ። ኅዳርም ተመልሶ መጣ፤ ዘላለም አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። የልደቱ ቀን ፍቅር አፍንጫዋ እየፈሰሰ ነቃች። ማንም ሳይጠይቃት ወደ እናቷ ሄዳ ጉንፋን እንደያዛት ተናገረች። ይህን የተናገረችው ከበዓሉ እንደምትቀር እያወቀች ነው።

ወይንሸት ግንባሯን ዳሰሰቻትና ወንበር አውጥታ በረንዳው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻት። ፍቅር በመስኮቱ መስተዋት ውስጡን ታያለች። ዘላለም እየዳኸ መጣ። የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ጣት የሚያክል እግር የነበረው ያ ልጅ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ቀና አለና በሁለት እግሩ ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ እሷን አይቶ ሳቀ። ከሁሉ ቀድማ ፊቱን ያየችው ውጭ የተቀመጠችው ፍቅር ናት።

ልጆቼ፣ የደበቅነው ጥፋት በንጹሕ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃልና፣ ዋጋ ቢያስከፍለንም እንኳ እውነቱን ቶሎ እንናገር።