ሦስተኛው ቀዳዳ

አራት ሆነው ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ቀሩ። የሞተው ደግሞ ከአራቱ መንገዱን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ነበር።

መርማሪ ሄልካ ላንታ ስልኩ ሲጠራ አንዱን ጫማዋን አጥልቃ ሌላውን በእጇ ይዛ ነበር። ከገና ወዲህ ይህ ሦስተኛው ሬሳዋ ነው።

«ኢስኮ ነው» አላት የጣቢያው አዛዥ። «አስጎብኚው። ሙስታ ሐይቅ ላይ ከበረዶ ሞተሩ አጠገብ ደርቆ ተገኘ። ረዳቱ ልጅቷ የሐይቁን ግግር ውፍረት በደንብ ሳትለካ ነው አሉ የመንገድ ምልክት ችካል የተከለችው። ቸልተኝነት ብለሽ ጻፊና ተመለሽ።»

«ሳላየው ነው የምጽፈው?»

«ሄልካ፣ ደክሞኛል።»

«እኔስ ከሽርሽር የመጣሁ መሰለህ?»

ከመንደሩ እስከ ሐይቁ በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው የበረዶ ሞተር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሄልካ ከሐኪሙ ጀርባ ተቀምጣ ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ተጓዘች።

ሙስታ ሐይቅ ላይ በረዶው ሲከብድ ግግሩን ቁልቁል ይጫነዋል፤ ውሃው በስንጥቅ ይወጣና ከበረዶው ሥር ይተኛል። ከላይ ነጭና ለስላሳ ነው። የገባበት ሞተር አይወጣም፣ እግሩ የራሰ ሰውም ሩቅ አይሄድም። የኢስኮ ሞተር ከነተጎታቹ ከጎጆው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጥዶች የበቀሉበት ጫፍ አጠገብ እስከ ኮርቻው ሰጥሟል። ውሃው ተመልሶ ስለረጋ የተገነባበት ይመስላል። ኢስኮ ከጎኑ በጀርባው ተንጋሏል። ግንባሩ ላይ የተሰነጠቀ ቁስል አለ።

«ሞተሩ ድንገት ሲቆም ተወርውሮ ከመሪው ጋር ተጋጨ» አለ ሐኪሙ። «ራሱን ሳተ። የቀረውን ብርዱ ጨረሰው።»

«ወይም ሌላ ነገር መታው።»

«ወይም» አለ ሐኪሙ፤ ለመከራከር በርዶታል።

ሌሊቱን የጣለው በረዶ ዱካውን ሁሉ አልብሶታል። ከጥዶቹ ሥር ግን፣ ቅርንጫፉ በረዶውን በከለከለበት ቦታ፣ አንድ ሞተር ቆሞ የተነሳበት ምልክት ነበር። ሄልካ ፎቶ አነሳችው። ስትመለስ ሐኪሙ የሬሳውን ግራ ቦት እየጎተተ ነበር። ቦቱ ሲወልቅ የውስጥ ገበሩ አብሮ ተመዞ ወጣ፦ ነጭ፣ ወፍራም የሱፍ ገበር። ፋብሪካው የመጠን ቁጥሩን የጻፈባት ጠንካራ ካርቶን በክር እንደተሰፋች ተረከዙ ላይ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሐኪሙ። «ገበር አይተሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ» አለችና ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

ጎጆው አንድ ክፍል ነው፤ ከፊቱ ቀዝቃዛ መግቢያ፣ ከጀርባው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍል። የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት ሬይማ ምድጃው ላይ ቋሊማ እየጠበሰ ነበር፤ የሞቱን ወሬ ሰምቶ ጠዋት ከመንደር መጣሁ ይላል። ሁለቱ እንግዶች፣ ሆላንዳውያኑ ቴውንና ሚስቱ ሊስቤት፣ አግዳሚው ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ረዳቷ ቪልያ የውጭ ልብሷን ሳታወልቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኢስኮን ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት። ከምድጃው በላይ ጫማ ማድረቂያ ገመድ ተዘርግቷል። ሁሉም ጫማውን ስላደረገ ገመዱ ላይ የቀረው አንድ እቅፍ የተጠቀለለ ደረቅ ሣር ብቻ ነው። ሄልካ ሣሩን በጣቷ ነካ አድርጋ ቪልያን ወደ ሳውናው መልበሻ ይዛት ገባች።

«ግግሩን ለመለካት ስንት ቀዳዳ ሰረሰርሽ?»

«የልኬት ማስታወሻው ላይ ሦስት ይላል።»

«ማስታወሻውን አንብቤዋለሁ።»

ቪልያ ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀችው። «ሁለት። አንዱ ሠላሳ ስምንት፣ አንዱ አርባ ሴንቲ ሜትር። ሦስተኛው ጥዶቹ ጋ ነበር። እየመሸ ነበር፣ እንግዶቹ በርዷቸዋል፣ ያው ነው ብዬ አርባ ጻፍኩ። ችካሉንም እስከ ጥዶቹ ድረስ ተከልኩት።»

«ኢስኮ ያውቅ ነበር?»

«ሽማግሌው ቢያውቅ ዕለቱን ያባርረኝ ነበር። ባለፈው ክረምት አንዲት እንግዳ ሴትዮ ሐይቁ ውስጥ ከሰመጠች ወዲህ ሦስት ቀዳዳ ሳይሰረሰር ሐይቅ አይረገጥም ይላል። ሰኞ ፍርድ ቤት ስለሷ ሊመሰክር ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ወሬ አይወድም። "ያየሁትን" ብቻ ነው ያለኝ።»

«የትናንቱን ማታ ንገሪኝ።»

«እኔና ሊስቤት ሳውና ቀደምን፣ ከዚያ ቴውን፣ መጨረሻ ሽማግሌው ብቻውን። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሲጨርስ ሞተሩን ያስነሳና የነገውን መንገድ በረዶ ይጠቀጥቃል፣ ሌሊቱን እንዲጠነክር። ሞተሩ ሲነሳ ሰማን። ተኛን።»

«ሰማችሁ እንጂ አላያችሁም።»

«በመስኮት ምን ይታያል?»

«ሳውና የሄደው ምን ተጫምቶ ነው?»

«የቤት ነጠላ ጫማውን። ቦቱና የውጭ ልብሱ መግቢያው ላይ ነበሩ። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አይደል?»

«ገና አልደረስኩበትም» አለች ሄልካ።

ሬይማ ሳይጠራ ራሱ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። በሩን ዘግቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ።

«ልጅቷ ላይ አትጨክኚ። ሳትሰረስር ጻፈች እንጂ ክፋት የላትም። ያው ወጣት ናት።»

«አልሰረሰረችም ያለህ ማን ነው?»

«ጠዋት እያለቀሰች ነገረችኝ።»

«ትናንት ስትሄድ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስንቁን አራግፌ ከእራት በፊት ተመለስኩ። እዚህ አድሬ አላውቅም፤ ወገቤ ይህን አግዳሚ አይችልም። ሳጥኑን መግቢያው ላይ ተውኩላቸው። ሥጋ፣ ዳቦ፣ ባትሪ፣ የቦት ገበር።»

«ገበር?»

«በየዓመቱ ለሠራተኞቼ አዲስ ገበር እገዛለሁ። የኔ ሰው እግሩን አይበርደውም።»

«ኢስኮስ?»

«ኢስኮማ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚወስደው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።»

«ሰኞ ምን ብሎ ሊመሰክር ነበር?»

«ለኔ ነዋ» አለ ሬይማ። ቋሊማው እንዳያርበት ተመለሰ።

ቴውን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቼ እንደሚሄዱ። ሊስቤት ግን ሄልካ ስታናግራት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳያት ጀመር። በአንዱ ላይ ገመዱ ይታያል፦ ሦስት ጥንድ የሱፍ ገበር፣ ከጎናቸው ኢስኮ ሣር ሲያሰጣ።

«የመጀመሪያው ቀን ማታ ነው» አለች። «በቦቱ ውስጥ ሣር ነው የሚያደርገው፣ አስቢው። እህቱ ከወንዝ ዳር እያጨደች በጋውን ሙሉ ታደርቅለታለች። ቴውን እራት ላይ "ታዲያ ፈረስህ ምን ሊበላ ነው?" አለው።»

«ቀልድ ነበር» አለ ቴውን።

«ኢስኮም "ፈረሱ ተቀምጦ ሾርባዬን እየጠጣ ነው" አለው። በማግስቱ የቴውን እግር ሲደነዝዝ ሳይጠይቀው ሣር ሰጠው።»

ቴውን ወደ ቦቱ አጎነበሰ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሁለት ሦስት ሰንበሌጥ ብቅ ብሏል።

ሄልካ ወጥታ ሐኪሙን አካፋ አስያዘችው። «የሳውናውን ደረጃ ዙሪያ ቆፍርልኝ።»

«ሐኪም ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል።»

ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። በክንዱ ልክ ከበረዶው ሥር ያወጣውን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣላት፤ ከዚያ በኋላ ስለ አካፋው አላጉረመረመም።

ሄልካ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች የምትነሳ አልመሰላትም።

«አንዴ ነው የምናገረው» አለች። «ሁላችሁም ኢስኮ ችካሉን ተከትሎ ውሃው ውስጥ ገባ ብላችኋል። ቪልያም አምናበታለች።» ነጩን ገበር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህ ከግራ ቦቱ ወጣ።»

ሊስቤት ወደ ባሏ ዞረች። ቪልያ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ይሄ የሽማግሌው አይደለም» አለች።

«አይደለም። የእሱ ሣር ያው፣ ገመዱ ላይ ነው። ትናንት ማታ ሊያደርቀው እንዳሰጣው አለ። ኢስኮ ሳውና ሲገባ ቦቱ መግቢያው ላይ ባዶውን ቀርቷል። አጠገቡ አዲስ ገበር የሞላ ሳጥን አለ።»

«ሣሩ ቢርስበትስ?» አለ ሬይማ። «ለአንድ ማታ ገበር አድርጎ ቢወጣስ?»

«እኔም አስቤው ነበር። ሣሩን ነካሁት፣ ደረቅ ነው። ይሁን፣ ገበር አደረገ እንበል። እስኪ ተረከዙን ንካው።»

ሬይማ አልነካም። ቴውን እጁን ዘርግቶ ካርቶኗን ዳሰሰ። «ይወጋል።»

«በዚች ላይ ቆሞ ሁለት እርምጃ የሚራመድ የለም። ቦቱን ያጠለቀለት ሌላ ሰው ነው። እግሩም መወጋቱን ማወቅ አቁሞ ነበር።» ጨርቁን ፈታችው። በውስጡ የቤት ነጠላ ጫማ ነበር፤ በአንድ ጎኑ የረጋ ደም አለበት። «ይህ ከሳውናው ደረጃ ሥር ወጣ። የተመታው እዚያ ነው። ከዚያ የውጭ ልብሱን አለበሱት፣ ተጎታቹ ላይ ጫኑት፣ በራሱ ሞተር ጥዶቹ ድረስ ወሰዱት። እናንተ የሰማችሁት ሞተር ይህ ነው።»

«ማን?» አለች ሊስቤት።

«ቦት ያለ ገበር እንደማይደረግ የሚያውቅ ሰው። ባዶ ቦት ሲያገኝ "ገበሩ ቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ እየደረቀ ነው" አለ፤ እንግዶቹ ነቅተው ስለነበር ገብቶ ማምጣት አይችልም። ስለዚህ ከሳጥኑ አዲስ አወጣ። የኢስኮን ሣር የሚያውቅ ግን ገበር አይከትለትም። ሊስቤት ፎቶ አንስታዋለች። ቴውን ቀልዶበታል፣ አሁንም በእግሩ አለ። ቪልያ...»

«እኔ ነኝ የምጠቀልለው» አለች ቪልያ። «ጣቱ አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመት ሆነው።»

«እዚህ ካደሩት ሁሉ የማያውቅ የለም። እዚህ አድሮ የማያውቀው አንድ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ሬይማ ለመዞር አልቸኮለም።

«አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል» አለ ሬይማ።

«እኔ ያወቅኩት ሁለት ቀን ነው» አለ ቴውን። «እኔ እንኳ አውቃለሁ።»

«ሞተርህን ጥዶቹ ሥር አቁመህ በእግርህ ተመለስክ» አለች ሄልካ። «ምልክቱ አለ። በእሱ ሞተር ሄድክ፣ በራስህ ሞተር ወደ ቤትህ ገባህ። ማለዳ ልጅቷ ስለ ሦስተኛው ቀዳዳ ስትነግርህ የጎደለህን ጥፋተኛ በእጅህ ሰጠችህ። የቀረኝ ሰኞ ነው። ኢስኮ ምን ሊል ነበር?»

ሬይማ ቋሊማውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም፤ ረጅም ቀን የዋለ ሰው ድምፅ ነበር።

«አሥራ ሁለት። ሴትዮዋ የሰመጠች ቀን ኢስኮ የለካው ግግር አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር። አንሻገርም አለኝ፤ እንግዶች ይጠብቃሉ አልኩት። ከሰመጠች በኋላ አርባ ብለህ ጻፍ አልኩት፤ ጻፈ። አንድ ዓመት ሙሉ አላነሳብኝም። ባለፈው ሳምንት ግን "ሬይማ፣ ሰኞ አሥራ ሁለት እላለሁ" አለኝ።» ገበሩን አየው። «ልለምነው ነበር የተመለስኩት።»

«ሞተርህን ሁለት ኪሎ ሜትር ደብቀህ?»

ሐኪሙ ሄዶ ከሬይማ ጎን ተቀመጠ፤ ሄልካም ከስንት ሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ አረፍ አለች። ጉልበቷ ግን አልታጠፍ አላት።

«ሦስተኛው ቀዳዳስ?» አለች ቪልያ።

«እሱንም እጽፈዋለሁ። ሳትለኪ ለክቻለሁ ብለሻል። ትጠየቂበታለሽ፣ ሊገሥጹሽም ይችላሉ። ኢስኮን ግን አልገደለውም።»

ቪልያ ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ሻንጣዋን ከፍታ ታሽጎ ያልተፈታ ጥንድ ነጭ ገበር አወጣችና ከሬይማ ፊት አስቀመጠችው።

«የዘንድሮው የሽማግሌው ነው» አለችው። «በየዓመቱ ተቀብሎህ ለኔ ይሰጠኛል። እምቢ ብለው ይከፋዋል ብሎ ነው።»

ሬይማ አንገቱን ደፋ።

«እኛንስ ማን ይመልሰናል?» አለ ቴውን።

ቪልያ ፊቷን ወደ ሄልካ አዞረች። ሄልካ ዓይኗን ጨፍና ጉልበቷን እያሸች ነበር። «እዚህ ቤት ከአንቺ ሌላ ሐይቁን የሚያውቅ ሰው አላይም» አለች።

ቪልያ የግግር መሰርሰሪያውን ከጥግ አነሳች፤ ማስታወሻውን ከመደርደሪያው ወስዳ ለሦስተኛው ቀዳዳ አርባ የተጻፈባትን መስመር ሰረዘችና የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ሊስቤት።

«ሦስተኛውን ልለካ።»

በሩን ስትከፍት ብርዱ እስከ ምድጃው ገባ፤ ገመዱ ላይ ያለው ሣር ተንቀሳቀሰ። ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩን ከኋላዋ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።