ከሩቅ የሚዘጋው ማቀዝቀዣ

ሮሃ ልጅ ሳለች፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና አባቷ ከአንድ እንግዳ ጋር ሲጨዋወቱ ሰምታለች። «ጥቅሙን ተወው፤ መጀመሪያ ማንን ደጅ እንደሚያስጠና ጠይቅ» ብሏል ከሁለቱ አንዱ። ስለ ዕቃ ይሁን ስለ ሰው፣ ዛሬ አታስታውሰውም።

ካደገች በኋላ እንጀራዋ ይኸው ጥያቄ ሆነ። ዌስትላንድስ ያለው መሥሪያ ቤቷ ለማኅበራት ዕቃ ይመርጣል፤ ብዙ የሚሸጠውን ሳይሆን ለሁሉም የሚበቃውን፣ ምድርን የማያቆስለውን፣ ሲሰበር እዚያው ሰፈር የሚጠገነውን።

ኢያሱን ያገኘችው ማታቱ በሚሉት የከተማ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ዝናብና የመኪና መጨናነቅ ይዟቸው። የማቀዝቀዣ ክዳን ጭኑ ላይ ታቅፏል።

«ልጅህ ነው እንዴ?» አለችው።

«በፀሐይ የሚሠራ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ወተት ሻጮቹ ከእንግዲህ ወተት አይደፉም።»

«ሲበላሽስ?»

«ትደውይልኛለሻ!»

ምንም ሳይበላሽ ደወለችለት። ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ መልስ እስከ ቤቷ በእግር ይሸኛታል፤ በሩ ጋ ሲደርሱም ቶሎ አይለያዩም።

ማቀዝቀዣው ለምርመራ እሷ ዘንድ ሲቀርብ ግን ያልነገራት ነገር ተገኘበት። የወር ክፍያዋን ያዘገየችን ወተት ሻጭ ማቀዝቀዣ፣ ለሥራው ገንዘብ ያወጣው ኩባንያ ከቢሮው ሆኖ ይዘጋዋል።

«ወተቱ ውስጡ እያለ?»

«ሮሃዬ፣ ያለ መዝጊያው ገንዘብ የሚያወጣልኝ የለም። ትንሽ ዓይንሽን ጨፍኚልኝ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ምኑን ልፍረድ?» አለችና ሳታሳልፈው ቀረች።

በሳምንቱ ኢያሱ ሽማግሌ እንደሚልክ ተሰማ። እናቷ ቤቱን ገለባብጣ አጸዳች። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሮሃ ጓዳ ሆና ጆሮዋን ጣለች።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ጋሽ መልአኩ ተነሥተው ቆሙ። «የመጣነው ስለ ልጃችሁና ስለ ኢያሱ ነው» ብለው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ያቺን ማቀዝቀዣ እንድታሳልፍለት ምከሩልን።»

አባቷ አማተቡ። ሮሃ ከጓዳ ወጣች።

«ጋሼ፣ ለዚህ ብቻ ነው የላካችሁ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ያኛው... ይሄ ሲያልቅ ይደርሳል ብሎናል፣ ልጄ።»

«ያኛውም ይቅርበት በሉልኝ።»

ኢያሱ ራሱ ቢሮዋ መጣ። ጋሽ መልአኩ ሁለተኛ አልላክም ብለውታል። «ሰው ሳልልክ እኔው መምጣት ነበረብኝ» አለ።

«ለየትኛው ጉዳይ?»

ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ያለ መዝጊያው ካመጣኸው፣ እንደማንኛውም ሰው ዕቃ እመረምርልሃለሁ።»

«ኩባንያው ይተወኛል።»

«ይተውህ ይሆናል።»

ስለ ጋብቻው ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አይቶ ተወው። መዝጊያውን ሊያወጣ ተስማማ።