የመውጫውን በተን የሚጫነው ማን ነው?

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ አይደለም። ላስፈራችሁ ብፈልግ ኖሮ ታሪኩን ሌሊት አደርገው ነበር።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የምሠራበት የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ። ምስክር አለኝ። ምስክሬ ግን ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

ያላመነ እዚህ ላይ ያቁም። አልለምንም።

እኔ የመጋዘኑን ኮምፒውተሮችና ሰርቨሩን የምጠብቅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ዕቃ ክፍል ይሠራል። ያን ቀን አንድ ሆስፒታል በአስቸኳይ ክትባት ስለፈለገ እሱ ሊያወጣ መጣ። እኔ ደግሞ ፎቅ ላይ የተከመረ ሥራ ነበረብኝ።

«አሥር ደቂቃ ጠብቂኝና ምሳ አብረን እንበላለን» አለኝ፣ አንገቱን በበሩ አስግጎ።

«ያንተን አሥር ደቂቃ አውቀዋለሁ። ልጅ ወልዶ ያሳድጋል።»

«አንቺን የሚያገባ ሰው ግን ደቂቃ እየቆጠረ መኖር አለበት።»

እየሳቀ ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ... ደረጃው ላይ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ዘበኛው ናቸው። ሻምበል እንላቸዋለን፤ ወታደር ሆነው አያውቁም፣ አረማመዳቸው ነው። እኚህ ሰው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

«ልጄ... በሩ እምቢ አለ።»

«የቱ በር?»

«የቀዝቃዛው ክፍል። ወንድምሽ ውስጥ ነው።»

ቀዝቃዛው ክፍል ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው። በሩ ብረት ነው፣ ውፍረቱ ስንዝር ያልፋል። ከውጭ የሚከፈተው የይለፍ ቃል ሲገባ ነው። ከውስጥ አረንጓዴ በተን አለ፤ ሲጫኑት ከላይ ያለችው ካሜራ ፎቶ ታነሳለች፣ በሩ ይከፈታል። ሁለቱም ግን ሰርቨሩን ነው የሚያስፈቅዱት። መብራት ቢጠፋ እንኳ እንደተቆለፈ ይቀራል። ሌባ ፈርተን ራሳችን እንዲያ ይሁን ያልነው ነው። በእጅ የሚከፈተው መክፈቻ ተሰብሯል። «ታዟል» ይሉናል።

የወንድሜ ካፖርት በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ለአሥር ደቂቃ ብሎ ሳይለብሰው ነው የገባው።

ኮዴን አስገባሁ።

የይለፍ ቃልዎ ትክክል አይደለም።

ደገምኩት። ጣቴ እስኪያመኝ ረግጬ ደገምኩት።

የይለፍ ቃልዎ ትክክል አይደለም።

«የኔንም እንዲሁ ነው ያለኝ» አሉ ሻምበል። «እሳት አደጋ ደውያለሁ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የሚመጡት።»

«እስከዚያ በሩን በድጅኖ ይሞክሩ» ብዬ ወደ ላይ ሮጥኩ።

ሰርቨሩ ያለው ቢሮዬ አጠገብ፣ ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ነው። ቀዝቃዛው ክፍል ግድግዳ ላይ የውስጥ ስልክ አለ። ደወልኩ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ያዝኩት።

«አለህ?»

«አለሁ። ብርድ ነው።»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን ጠብቀህ ነበር? ዝም ብለህ አትቁም፣ ተራመድ።»

«የት ልራመድ...» አለ።

ክፍሉ ሁለት መኪና ያቆማል። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ስክሪኑ በራ። ችግሩን ለማየት ብዙም አልፈጀብኝም።

ዲስኩ ሞልቷል። መቶ በመቶ። ወንድሜ ኮዱን አስገብቶ ሲገባ ትንሽ ቦታ ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሰርቨር ሰው ባስገባ ቁጥር «እከሌ ገባ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ አለበት። መጻፊያ ቦታ ካጣ አያስገባም። ቦታ አጣሁ አይልም ግን። ተሳስተሃል ይልሃል።

ምን እንደሞላው ፈለግኩ። ፎቶ ነው። የመውጫው በተን ሲጫን የሚነሳው ፎቶ። ኮምፒውተሩ ቆጥሮ መጨረስ እስኪያቅተው ድረስ... ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ።

የመጀመሪያው የዓርብ ማታ ነው። ዓርብ ማታ ክፍሉን ፈትሾ የቆለፈው ወንድሜ ራሱ ነው። ለሰንበት ከውጭ የተቆለፈ በር በበተኑ አይከፈትም፤ ፎቶ ብቻ ይነሳል።

ከዚያ ጀምሮ በተኑ አላረፈም። ቅዳሜን ሙሉ። ዛሬም።

አንዱን ከፈትኩት። መደርደሪያዎቹ፣ ካርቶኖቹ፣ ባዶው ወለል። ሰው የለም። ሌላ ከፈትኩ፣ ያው ነው። አንድ ነገር ግን ዓይኔን ያዘው... መደርደሪያው ደብዝዟል። ካርቶኖቹም ደብዝዘዋል። ሁሉም ፎቶ ላይ።

ካሜራ ኋላውን የሚያደበዝዘው ከፊቱ የቆመ ነገር ላይ ሲያነጣጥር ነው።

«ስማ» አልኩት። «በተኑን ተው። እየተጫንከው ዲስኩን እየሞላህብኝ ነው።»

«እኔ አልተጫንኩም።»

«እያየሁት ነው እኮ! አሁን! አሁንም!»

«እህቴ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በተኑ ያለው በሩ ጋ ነው። ስልኩ ያለው ደግሞ ከኋላ ግድግዳው ላይ ነው። በምን እጄ ልጫነው?»

የመጨረሻውን ፎቶ ከፈትኩ።

ወንድሜ ይታያል። ሩቅ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ። ደብዝዟል።

ካሜራዋ ያነጣጠረችው ከእሱ ፊት ያለው ነገር ላይ ነው። ከእሱ ፊት ምንም የለም።

መሰረዝ ጀመርኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ዘጠና ዘጠኝ አለኝ። በሩን ከዚያው ለመክፈት ኮዴን ላስገባ እጄን ሳነሳ መቶ ሆነ። እንደገና ሰረዝኩ። እንደገና መቶ። ፎቶ ማንሳቱን ላቁመው አልኩ፤ የበሩ ፕሮግራም ያለ ፎቶ አይሠራም። እኔ የማጠፋው በማንኪያ፣ የሚሞላው በባልዲ።

ከታች የሻምበል ድጅኖ ብረት ሲመታ ይሰማል። ጓ... ጓ... ጓ...

«ጣቶቼ አይሰሙኝም» አለ ወንድሜ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። «እግሬንም እንጃ...»

«ወደ በሩ ሂድ። በተኑን በእጅህ ሸፍነው። ለአንድ ደቂቃ ፎቶ ካልተነሳ እከፍትልሃለሁ።»

«መሄድ አልችልም።»

«ለምን?!»

በሹክሹክታ...

«ቦታ የለም።»

«የምን ቦታ?»

«መሄጃ። አይታዩኝም። ግን ስራመድ እነካለሁ... ትከሻ። ክርን። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ሁሉም ወደ በሩ ዞረው ነው የቆሙት።»

ብርዱ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቷል አልኩ። እንዲህ እንደሚያደርግ አንብቤአለሁ። ሰውየው ይቃዣል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣበታል፣ ከዚያ...

ስክሪኑ ላይ ግን ፎቶው ይመጣል። በተኑን የሚጫን አለ። ቅዠት በተን አይጫንም።

አላለቀስኩም። ተናደድኩ። እኔ ስፈራ እናደዳለሁ።

«እንግዲያው ንገራቸው!» ብዬ ጮህኩ። «እናንተ እንዲህ ስትጫኑት ነው በሩ እምቢ ያለው በላቸው! ካልተዋችሁት ማንም አይወጣም በላቸው! አንድ ደቂቃ!»

ስልኩ ሲንጠለጠልና ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ የወንድሜን ድምፅ፣ ከሩቅ። ቢሮ ሄዶ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ድምፅ ነበር።

«ይቅርታ... አንዴ... አንዴ እባካችሁ...»

ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁም።

ፎቶው ቆመ።

ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። አዲስ የለም። የለም። የለም...

ሰረዝኩ። ዘጠና ስምንት። ዘጠና ሰባት። እዚያው ቆየ። ኮዴን አስገባሁ።

እንኳን ደህና መጡ አለኝ።

ከታች በሩ ሲላቀቅ ሰማሁ። ስልኩ ላይ ጮህኩ።

«ተከፍቷል! ውጣ!»

«እሺ» አለ፣ ስልኩን መልሶ አንስቶ፣ በደከመ ድምፅ። «ግን በተራ ነው። እንደዚያ ተስማምተናል። መጨረሻ የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጉሙ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ሻምበል በሩ መልሶ እንዳይዘጋ በጀርባቸው ደግፈውታል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ይለፉ» ይላሉ፣ ቀስ ብለው። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። «ይለፉ... ይለፉ...»

የሚያልፍ የለም።

ወንድሜ ከወዲያኛው ግድግዳ አጠገብ ቆሟል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። በእኔና በእሱ መካከል ባዶ ወለል ብቻ ነው ያለው። አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። ቆመ። ጠበቀ። ግማሽ እርምጃ ተጠጋ። ቆመ።

«ና! ምን ትጠብቃለህ? ሮጠህ ና!»

ራሱን ነቀነቀ።

ዘልዬ ልገባ አንድ እግሬን ከደፉ አሳለፍኩ።

ሻምበል ዝም አሉ። የማቀዝቀዣው ሞተር እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። ወንድሜ ሰው ደረቱን እንደገፋው ወደ ኋላ ተንገዳገደ፤ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፣ እስከ ግድግዳው።

«ተራ አትዝለዪ...» አለ። ድምፁ ትንፋሽ ብቻ ነበር። «በእናታችን...»

እግሬን መለስኩ።

ሻምበል ቀጠሉ። «ይለፉ... ይለፉ...»

ለባንክ፣ ለዳቦ፣ ለሐኪም ተሰልፌ ከስንቱ ጋር የተጣላሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ቆምኩ። ወንድሜ ፊቴ እየሞተ በሩ ላይ ቆሜ ተራ ጠበቅኩ።

ግማሽ እርምጃ። መቆም። ግማሽ እርምጃ። መቆም።

ከዚያ ተንበረከከ። መንቀጥቀጡ አቆመ። መንቀጥቀጥ ሲያቆም ጥሩ አይደለም፤ ይህንንም አንብቤአለሁ።

ለማን እንደምናገር አላውቅም ነበር። ለባዶው ክፍል እጄን ዘርግቼ ለመንኩ። ሆስፒታል ወረፋ ላይ በሽተኛ የያዘ ሰው እንደሚለምነው።

«እባካችሁ... አሳልፉት። ታሟል። እናንተ እኮ ብዙ ናችሁ፣ እሱ አንድ ነው። እባካችሁ፣ ወንድሜ ነው።»

ሻምበል «ይለፉ» ማለታቸውን አቆሙ።

ምንም አልሆነም። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም።

ከዚያ የወንድሜ ሁለቱም ብብቶች ከፍ አሉ።

ተነሳ ማለት አልችልም። እሱ አልተነሳም። ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ እንደተደፋ፣ ዓይኑ እንደተጨፈነ፣ ወደ ላይ ተሳበ። የጫማው ጫፍ ወለሉን እየጫረ ወደ እኔ መጣ። ቀጥ ብሎ አልመጣም። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት።

ደፉ ላይ ሲደርስ ደረቴ ላይ ወደቀ።

ካፖርቱን ጠቀለልኩበት፣ እላዩ ላይ ተኛሁ፣ ፊቱን በጥፊ መታሁት፣ ስሙን ጠራሁ፣ ሰደብኩት። አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«አመሰገንሻቸው?» አለኝ።

ሻምበል በሩን አልዘጉትም። ለምን እንደማይዘጉት አልጠየቅኩም።

እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ ወንድሜን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጠነው ነበር። ብርድ ልብስ ደራረቡለት፣ እጁን አዩለት፣ ጣቶቹ ይድናሉ አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ላብስ ፊቴን ወደ ዋናው በር አዞርኩ።

በሩ ክፍት ነው። ከአስፋልቱ ማዶ የሚኒባስ መጠበቂያው ይታያል። አምስት ይሁኑ ስድስት ሰዎች ተሰልፈው ነበር።

ሰልፉ ግን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይደርሳል።

ከፊት አንዲት ሴት ቆማለች። ከእሷ ኋላ ሰፊ ባዶ ቦታ። ከዚያ አንድ ሰውዬ። ቀጥሎ ከበፊቱ የሚበልጥ ባዶ። ከዚያ ሁለት ተማሪዎች። ሰውዬው ክፍተቱን ሊሞላ ወደፊት አልተጠጋም። ማንም አልተጠጋም። ማንም ደግሞ የተለየ ነገር እንዳለ አይመስልም፤ ስልካቸውን ያያሉ፣ ፀሐዩን በእጃቸው ይከልላሉ።

ሚኒባስ መጣ። ባዶ ነው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ወረደ።

የፊተኛዋ ሴት አልገባችም። ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሰብስባ ወደ ጎን ሸሸት አለች፣ ሌላ ሰው እንደምታሳልፍ። እንዲሁ ቆመች። ረዳቱም በሩን ይዞ ቆመ።

ሚኒባሱ በጎማዎቹ ላይ ቀስ እያለ ዝቅ አለ።

ረዳቱ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ አየ። ከዚያ በሩን ገፍቶ ዘጋና ጣሪያውን ሁለቴ መታው።

«ሞልቷል!» አለ። «የቀራችሁ በሚቀጥለው!»

በፊታችን አለፈ። መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ወንበር ባዶ ነበር፤ መስታወቱ ግን ከዳር እስከ ዳር በትንፋሽ ጉም ተሸፍኗል።