የፈተና ሳምንት ሽግሽግ

ልጁ ለመልቀቂያ ፈተና የሚቀመጥበት ቤት በዚያ ሳምንት ምን እንደሚመስል ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሬዲዮ ይቀነሳል፤ እንግዳ ከበር ይመለሳል፤ ባልና ሚስት እንኳ የጀመሩትን ጠብ ለሌላ ሳምንት ያሳድሩታል። ታናናሾች "ዝም በሉ፣ እያጠና ነው!" እየተባሉ በእግራቸው ጣት ይሄዳሉ። ጤነኛ ወላጅ በዚያ ሳምንት እንኳን ቤት ሊቀይር አልጋ አያንቀሳቅስም።

ወላጇ ምክር ቤት የሆነላት ልጅስ? አሳዳጊ አጥታ ከተማው "ልጄ ናት" ብሎ በሕግ ፊት የተቀበላት ልጅስ? ለእሷ ሬዲዮውን የሚቀንሰው ማነው? እስቲ የአንዷን ታሪክ ስሙና ፍረዱ።

ምስማር የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ይህን ስም ያወጡላት በማሳደጊያ ቤት አብረዋት ያደጉ ልጆች ናቸው፤ አንዴ ከገባችበት ነገር የሚነቅላት የለም ለማለት። ተማሪዎቿ ይፈሯታል፤ ይወዷታልም። "ፍሬኑ ያለው እግርህ ሥር ነው፤ ሰማይ ሰማይ ምን ያሳይሃል!" ስትል ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ሳይቀር እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የሰፈሯ ሰው ለከተማው ምክር ቤት ሲመርጣትም "ይቺ ከያዘች አትለቅም" ብሎ ነበር። ሌሎቹ አዲስ ተመራጮች የመንገድና የገበያ ኮሚቴ ውስጥ ለመግባት ሲጋፉ፣ እሷ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የማሳደጊያ ልጆች ክትትል ኮሚቴ መረጠች። ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢ ሆነች። "ያደገችበትን አልረሳችም" ብለው አመሰገኗት። እውነት ነው፣ አልረሳችም። ወደዚያ ኮሚቴ የገባችው ግን አንድ ሰው ፈልጋ ነው።

ሰውዬው የሕፃናት እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ልጆቹ "ጋሽ ይደርሳል" ይሉታል። ጫማ አልቆብኛል ሲሉት "ይደርሳል"፣ መጽሐፍ የለኝም ሲሉት "ይደርሳል"። የደረሰ ነገር ግን ማንም አላየም። ክፉ ንግግር አይወጣውም፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሕፃን ሲያይ ጉንጩን ይቆነጥጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሲበድል በዳይ አይመስልም። ለዚህም ነው ከወንበሩ የሚያነሣው ጠፍቶ የኖረው።

ጽሕፈት ቤቱ የቆየ ልማድ ነበረው። የበጀት ዓመት ሲዘጋ የማሳደጊያ ቤቶች አልጋ ሁሉ ሞልቶ መታየት አለበት፤ ባዶ አልጋ የተገኘበት ቤት የከርሞ በጀቱ ይቆረጣል። ስለዚህ መዝጊያው ሲቃረብ ልጆችን ከተረፉበት ቤት አንስቶ ወደ ጎደለበት ማዞር ነው። ይህን "ሽግሽግ" ይሉታል። መዝጊያውና የመልቀቂያ ፈተናው ደግሞ አንድ ሰሞን ይውላሉ። የተዛወረ ልጅ ትምህርት ቤቱም ይለወጣል፤ ለፈተና የተመዘገበው ግን በድሮው ትምህርት ቤት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በየዓመቱ ባማረ ቃል የተጻፈ የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል፤ ልጁ ራሱ ዕቅዱ ሲወጣ ኮሪደር ላይ እንዲጠብቅ ይደረጋል። አልጋ የሚያቅዱት ምድር ቤት፣ ትምህርት የሚያቅዱት ፎቅ ላይ ናቸው። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ውጭ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ዕቅዱ ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ምስማርም በጋሽ ይደርሳል ፊርማ ተሸጋሽጋ ነበር። በፈተናው ጠዋት አዲሱ ትምህርት ቤት በር ላይ "ስምሽ እዚህ የለም" ተባለች። ያን ዓመት አጣች፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ስላለፈ ከማሳደጊያ ወጣች። ቀን የሰው ልብስ እያጠበች፣ ማታ እየተማረች ስንት ዓመት ዘግይታ ያችን ፈተና አለፈች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሰብሳቢ ሆና መጀመሪያ ስትጨብጠው ጋሽ ይደርሳል ፈገግ ብሎ "የት ነው የማውቅዎት?" አላት። ይህ ጥያቄ ከድሮው በደል ይልቅ አቃጠላት። "ያስታውሱኛል፤ ይደርሳል" ብላ መለሰችለት። እሱም ሳቀ።

አንድ ሐሙስ ጡረተኛውን ተማሪዋን መኪና ማዞር እያስተማረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። እቴቴ ናት፤ ምስማርን ያሳደገቻት፣ ዛሬም በዚያው ቤት ልጆች የምታሳድግ ሞግዚት።

"ምስማሬ፣ ጥያቄን ሊወስዱብኝ ነው!" አለች። ጥያቄ የሚሏት ጠይቃ የማትጠግብ ልጅ ናት። ምስማርም ታውቃታለች፤ አንዴ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ብትላት "የጥርስ ሐኪም። እሱ ፊት ሁሉም አፉን ይከፍታል፤ እኔን ዝም በይ የሚለኝ አይኖርም" ብላ አስቃታለች።

"መቼ ነው የሚወስዷት?"

"ሰኞ! ከተማው ጫፍ ያለው ቤት አልጋ ጎድሎበታል አሉ። ልጅቷ እኮ ረቡዕ ፈተና አላት። ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ብናገር 'ትምህርት የትም አለ፤ አልጋ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞላም' ይሉኛል። ዘንድሮ ካለፋት ደግሞ ዕድሜዋ ነው፤ ተባራ መውጣቷ ነው። አንቺ ሰብሳቢ አይደለሽ? አንድ ቃል ተናገሪያ!"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሰብሳቢዋ በስልክ ዝውውር የማስቆም ሥልጣን አላት። ምስማር ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሌላ ነገር ታያት። ዛሬ ብታስቆመው ጋሽ ይደርሳል "ይቅርታ፣ የበታቾቼ ስሕተት ነው" ብሎ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል። ዝም ብትልስ? ልጅቷ ትዛወራለች፣ ፈተናው ያልፋታል፣ ከፈተናው በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ሕዝብ የሚታደመው የምክር ቤቱ ስብሰባ አለ። እጅ ከፍንጅ! ከዚያ ወዲያ ምን ማምለጫ አለው?

"አይዞሽ እቴቴ፣ እናየዋለን" አለች።

ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቂሟ ግን ከእሷ ጋር ያደገ ነበር፣ ከእሷም ጋር በልቶ ጠጥቷል። ማታ ለፀጉር አስተካካይ ባሏ ሐሳቧን ስትነግረው እሱ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

"ልጅቷስ?" አላት።

"ይህ ሰው ካልተነቀለ ከሷ በኋላ ስንቱ ልጅ ይበላል? ለሁሉም ስል ነው።"

"ለሁሉም ስትይ አንዷን ትበያለሽ?"

"እኔስ ዓመቴን አላጣሁም? ሞትኩ?"

"አልሞትሽም። ግን ይኸው እስከ ዛሬ እራት እንኳ በሰላም አትበይም።"

"አንተ እናትና አባት ነበሩህ፤ ምን ታውቃለህ!" ብላ ተነሥታ ሄደች። እሱም ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረ።

ሰኞ ጥያቄን ወሰዷት። ረቡዕ ጠዋት ደብተሯን ታቅፋ አዲሱ ትምህርት ቤት ሄደች፤ የፈተና ምዝገባሽ ወደዚያ ተላልፏል ብለዋት ነበርና። ምንም አልተላለፈም። ስሟ ሲፈለግ ሲፈለግ ቆይቶ "የድሮው ትምህርት ቤትሽ ሂጂ" ተባለች። በሁለት ታክሲ ከተማውን አቋርጣ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው "ልጄ፣ ደወል ከተደወለ እኔስ ምን አቅም አለኝ?" ብሎ በራፉ ላይ ውሃ ሰጣት። እቴቴ በስልክ እያለቀሰች ይህን ስትነግራት ምስማር "አሁን የት ናት?" ብላ ጠየቀቻት። ወዲያው ግን "አሁን ያዝኩት" አለች በልቧ።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ይደርሳል ከፊት ተቀምጦ ብዕሩን ይከፍታል ይዘጋል። ምስማር ቀስ ብላ ነው የጀመረችው፤ ተማሪ የምታለማምድ ያህል።

"ያለፈው ረቡዕ ምን ቀን እንደነበረ ያውቃሉ?"

"የ... የሥራ ቀን ነበር፣ የተከበሩ ሰብሳቢ።"

"የመልቀቂያ ፈተና ቀን ነበር። የራስዎ ልጅ ተፈትና የለም እንዴ?"

"ተፈትናለች።"

"በዚያ ሳምንት ለልጅዎ ቤት ቀየሩላት?"

"ኧረ እንዴት ተደርጎ!"

አዳራሹ በሣቅና በቁጣ ተናወጠ። ምስማር አልለቀቀችውም። አልጋውን ጠየቀችው፣ ዕቅዱን ጠየቀችው፣ ምድር ቤቱንና ፎቁን ጠየቀችው። በየመልሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ገፋችው፤ በመጨረሻ "ልማድ ሆኖብን ነው" አለ። "ከዛሬ ብዙ ዓመት በፊትም አንዲት ልጅ እንዲሁ በር ላይ አስቀርተዋል" አለችው። "አሁን የት እንደሚያውቁኝ ትዝ አለዎት?" ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፤ ትዝ አለው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ድሉ የሷ ነበር። ቂም ግን ልክ አያውቅም። ምስማሩ ጠልቆ እንዲገባ ብላ "ልጅቷ ትምጣና ለሕዝቡ ትናገር" አለች። ጥያቄ ከእቴቴ አጠገብ ተነሥታ ወደ ፊት መጣች። ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አወረዱላት።

"የደረሰብሽን ንገሪን፣ የኔ ልጅ" አለቻት ምስማር።

"መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ።"

"ሐሙስ እቴቴ ስትደውልልዎ አጠገቧ ነበርኩ። 'እናየዋለን' ሲሏት ሰምቻለሁ። ከሐሙስ እስከ ረቡዕ ምን ሲያዩ ነበር?"

እቴቴ አንገቷን ደፋች፤ ምስማር ብትዋሽ እንደማታጋልጣት በዚያ አስታወቀች። ውሸቱም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፦ "ጉዳዩን በማጣራት ላይ ነበርን።" ቃሉ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አይቆረቁርም። ጋሽ ይደርሳል ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በእንዲህ ያለ ቃል እንደሆነ ያኔ ገባት።

እሷ ከመናገሯ በፊት ግን ሰውዬው አፉን ከፈተ። "እኔ እኮ ልጅቷ ተፈታኝ መሆኗን አላየሁም፤ ሳላነብ ነው የፈረምኩት" አለ። "የተከበሩ ሰብሳቢ አንዴ ቢደውሉልኝ በዚያው ደቂቃ አስቆመው ነበር።"

እውነቱን ነበር። ምስማርም እውነት መሆኑን ታውቃለች። ሐሙስ ዕለትም ታውቅ ነበር።

"አልደወልኩም" አለች። "ማስቆም እችል ነበር፤ አላስቆምኩም። ይህ ሰው እንዲወድቅልኝ ስል አንቺ በር ላይ እንድትቀሪ ፈቀድኩ። እሱ ሳያይሽ በደለሽ፤ እኔ እያየሁሽ።"

ምክር ቤቱ በዚያው ቀን ኃላፊውን ከሥራ አገደ፤ የምስማርንም የሰብሳቢነት መልቀቂያ ተቀበለ። ትምህርት ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ማንኛውም ልጅ ስለ አልጋ ተብሎ እንዳይዛወር፣ ዕቅድ ሲወጣም የአልጋውም የትምህርቱም ሰዎች በአንድ ክፍል ልጁን ራሱን ይዘው እንዲቀመጡ ተወሰነ። ጥያቄ ዕድሜዋ ቢያልፍም ከርሞ እስክትፈተን እቴቴ ዘንድ እንድትቆይ ተፈቀደላት። የጠፋውን ዓመት ግን የትኛውም ድምፅ ብልጫ አይመልሰውም።

ምስማር ልጅቷን ኮሪደር ላይ ደረሰችባት። "ይቅር በይኝ አልልሽም" አለቻት። "በየሳምንቱ እየመጣሁ ላስጠናሽ። ከፈቀድሽ።"

ጥያቄ ትክ ብላ አየቻት። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም።

"እርስዎ የሚጠሉት አንድ ሰው ነበረዎት" አለች። "እኔ ሁለት አሉኝ። እኔም ሳድግ ምክር ቤት እገባለሁ።"

ይህን ብላ የእቴቴን እጅ ይዛ ሄደች። ምስማር ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ልጅቷ ስትናገር ፊቷ ላይ ያየችው የገዛ ራሷን ፊት ነበር፤ እንዲያውም የባሰ።

እናንተ በምክር ቤት ወንበር ላይ ያላችሁ፣ ነገም የምትቀመጡ! ከተማ ወላጅ ነኝ ካለ ወላጅ ይሁን። በአደራ የያዛችሁት ልጅ የአልጋ መሙያ አይደለም፤ ለጠባችሁም ዱላ አይሆንም። የበደላችሁን ሰው በሕግ ጠይቁት፣ ከወንበሩም አንሡት፤ መጀመሪያ ግን ስልኩን አንሥታችሁ ልጅቷን ፈተናዋ ላይ አድርሷት።